በዝናብ የፎርሙላ ዋን ውድድር ለማየት፦ የቱ ትራክ፣ የቱ መቀመጫ፣ የቱ መንገድ?

ኦገስት 29 ቀን 2021 ቤልጂየም ውስጥ በስፓ ፍራንኮርሻም ትራክ ዙሪያ የተሰበሰበው ሕዝብ ዝናብ ሲወርድበት ዋለ። ውድድሩ በአገሩ ሰዓት 15፡00 ላይ መጀመር ነበረበት። መኪኖቹ ከሴፍቲ ካር (አደጋ ሲፈራ ከፊት ሆኖ ፍጥነት ከሚያስቀንሰው መኪና) ኋላ ተሰልፈው ትንሽ ዞሩና ቆሙ። ከዚያ ጥበቃ ሆነ። ሰዓታት ካለፉ በኋላ፣ ሊመሽ ሲል እንደገና ወጡ። ጥቂት ዙር አሁንም ከሴፍቲ ካር ኋላ ነዱና አለቀ። መቀዳደም የሚባል ነገር ሳይኖር ማክስ ቬርስታፐን አሸናፊ ተባለ፣ ግማሽ ነጥብም ተሰጠ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ይህ ቀን የክፉ ክፉ ነው፤ ሁሌ እንዲህ አይሆንም። ግን ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ልታስታውሱት ይገባል። ዝናብ ያለበት የውድድር ቅዳሜና እሁድ አብዛኛው ሰዓቱ ጥበቃ ነው። ስለዚህ መቀመጫም፣ ማደሪያም፣ መመለሻም ስትመርጡ «ከየት ጥሩ ይታያል?» ከማለታችሁ በፊት «ሦስት አራት ሰዓት ዝም ብዬ ብጠብቅ የት ይሻለኛል?» በሉ። የዚህ ጽሑፍ ምርጫዎች በሙሉ የሚመዘኑት በዚህች ጥያቄ ነው።

ሦስቱ ቅርብ ትራኮች

ብራስልስ፣ አምስተርዳም፣ ለንደን ወይም ፍራንክፈርት ለምትኖሩ በቀላሉ የሚደረስባቸውና ዝናብ የሚያዘወትራቸው ሦስት ናቸው፦ ስፓ፣ ሲልቨርስቶን (እንግሊዝ)፣ ዛንድቮርት (ሆላንድ)። በዝናብ ሦስቱም ጠባያቸው ለየቅል ነው።

ስፓ ጫካ ውስጥ ነው። የአርደን ኮረብቶች መሃል፣ አንድ ዙሩ 7.004 ኪሎ ሜትር። በፎርሙላ ዋን የዘመኑ መርሐ ግብር ከእሱ የሚረዝም የለም። ከትራኩ ዝቅተኛ ቦታ እስከ ከፍተኛው 100 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። ስለዚህ ስታቭሎ በኩል ዶፍ እየወረደ ላ ሱርስ መታጠፊያ ላይ አስፋልቱ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ውድድሩ የሚካሄደው በጁላይ ነው። አገር ቤት ሐምሌ፣ ክረምት። አርደንም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የመሬቱ ነገር ደግሞ የባሰ ነው፤ ቁልቁለት፣ የጫካ አፈር፣ በአስር ሺዎች እግር የተረገጠ። ዓርብ የረገጣችሁት ሣር እሁድ ላይ ድጥ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ግን ስፓ ሁሌ እንደ 2021 አይደለም። በ2025 ውድድሩ 80 ደቂቃ ገደማ ዘገየ። ከዚያ ዝናቡ አባራ፣ ፀሐይ ወጣች፣ 44ቱም ዙር ተነዳ። ኦስካር ፒያስትሪ ሴፍቲ ካሩ እንደወጣ በመጀመሪያው ዙር ኬመል ቀጥታ በሚባለው ረጅም መንገድ ላይ ላንዶ ኖሪስን አልፎ እዚያው አሸነፈ። የጠበቀ ሰው ዋጋውን አገኘ። በ1998 ደግሞ ገና ሲነሱ 13 መኪኖች በዝናብ ተላትመው፣ እንደገና ተነስተው፣ መጨረሻ ላይ ዴመን ሂል ለጆርዳን ቡድን የመጀመሪያውን ድል አመጣ። ስፓ በዝናብ ወይ ያንበሸብሻችኋል ወይ ባዶ እጃችሁን ይሸኛችኋል።

ሲልቨርስቶን ሌላ ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አየር ማረፊያ የነበረ ሜዳ፣ ዙሩ 5.891 ኪሎ ሜትር። የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያው ውድድር በ1950 የተካሄደው እዚህ ነው። ሜዳ በመሆኑ ነፋሱን የሚያግደው ነገር የለም። እዚያ የሚያሰቃየው ዝናቡ ሳይሆን ከጎን የሚመታው ነፋስ ነው፤ ካፊያውን ኮፍያችሁ ሥር ያስገባዋል። በ2000 ውድድሩ ወደ ኤፕሪል፣ የፈረንጅ ፋሲካ ላይ ተዛውሮ ነበር። የመኪና ማቆሚያ ሜዳዎቹ ጭቃ ሆኑ። ቅዳሜ ዕለት ለእሁድ ይተርፉ ተብለው ተዘጉ፣ ቲኬት የያዘ ሰው ሳይቀር ተመለሰ። በ2018 ደግሞ የሞቶ ጂፒ የሞተር ሳይክል ውድድር አስፋልቱ ላይ ውሃ እየተኛ ስላስቸገረ፣ ሕዝቡ ሰዓታት ከጠበቀ በኋላ፣ ጭራሽ ተሰረዘ።

ይህን ካልኩ በኋላ፦ ሲልቨርስቶን በዝናብ ውድድሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ይሄዳል፣ ሲሄድም ያምራል። በ2008 ሉዊስ ሀሚልተን ሁለተኛውን ከአንድ ደቂቃ በላይ ቀድሞ ያሸነፈው በዝናብ ነው። በ2025 ኒኮ ሁልክንበርግ በ239ኛ ውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ (ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት የሚቆሙበት) የወጣውም በዝናብ ነው። ሰውየው ያን ያህል ዓመት ጠብቆ! እናንተም ትንሽ ብትጠብቁ ምን አለበት።

ዛንድቮርት የባሕር ዳር ነው። ትንሽ፣ 4.259 ኪሎ ሜትር፣ በአሸዋ ኮረብታዎች መሃል። እዚህ ላይ ነው ዋናው ልዩነት፤ አሸዋ ውሃ ይጠጣል። ዶፍ ከወረደ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የምትረግጡት መሬት ጭቃ አይሆንም። ጣቢያው ከትራኩ በእግር ይደረሳል። ከአምስተርዳም ማዕከላዊ ጣቢያ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ በውድድሩ ቀናትም ባቡር በየጥቂት ደቂቃው ይነሳል። በ2023 ገና በመጀመሪያው ዙር ዝናብ ጣለ፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ ዶፍ መጥቶ ቀይ ባንዲራ (ውድድሩ ይቁም የሚለው ምልክት) ወጣ። ያም ሆኖ ውድድሩ ተቋጨ፣ ቬርስታፐንም ተከታታይ 9ኛ ድሉን አገኘ። የዛንድቮርት ጣጣ ሌላ ነው፤ ከ2026 በኋላ ከመርሐ ግብሩ ይወጣል። ስፓም ቢሆን እስከ 2031 ውል ቢኖረውም 2028 እና 2030 ላይ የለም።

የኔ ምርጫ? ጭቃ የማትወዱ፣ ሕፃን ወይም እናታችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ዛንድቮርት፣ እስካለ ድረስ። ውድድሩ ራሱ ከሆነ የናፈቃችሁ ሲልቨርስቶን፣ ወፍራም የነፋስ መከላከያ ይዛችሁ። አንድ ጊዜ ብቻ የምትሄዱ፣ ዝነኛውን ዳገታማ መታጠፊያ ኦ ሩዥን በዓይናችሁ ሳታዩ መሞት የማትፈልጉ ከሆነ ግን ስፓ ነው፤ ከነጭቃው። ብዙ ሰው ስለሚመርጠው፣ ብዙ ስለሚያስቸግርም፣ ከዚህ በታች ያለውን በስፓ ላይ ተመሥርቼ ነው የምጽፈው። ለሌሎቹም አብዛኛው ይሠራል።

ጥላ ፎቅ ወይስ ሚስማር ተራ?

አዲስ አበባ ስታዲየም የገባ ሰው ይህን ምርጫ ያውቀዋል። ጥላ ፎቅ አለ፤ ጣሪያ ያለው። ከጣሪያ ውጭ ተደርድሮ የሚቀመጥበት አለ። ሚስማር ተራም አለ። የውድድር ትራክም እንዲሁ ነው፦ ጣሪያ ያለው ትሪቡን፣ ጣሪያ የሌለው ትሪቡን፣ እና ቁጥር የሌለው፣ ሣር ላይ የሚቆምበት ርካሹ ቲኬት። ስፓ ላይ ይህ የመጨረሻው ብሮንዝ ይባላል፤ ባለመቀመጫዎቹ ሲልቨር እና ጎልድ ናቸው።

ፀሐይ ከሆነ እኔ ብሮንዙን እመርጣለሁ። ኬመል ቀጥታን ተከትሎ ባለው ዳገት ላይ ብትቀመጡ መኪኖቹ ከኦ ሩዥ ወጥተው ሲመጡ ታያላችሁ፣ ትዞራላችሁ፣ ቦታ ትቀያይራላችሁ። በዝናብ ግን ሁለት ነገር ይለወጣል።

የመጀመሪያው ዕይታው ነው። የጎማ አምራቹ ፒሬሊ እንደሚለው የዶፍ ጎማው፣ ሰማያዊ ምልክት ያለው፣ በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሴኮንድ እስከ 85 ሊትር ውሃ ይገፋል። ለካፊያና ለእርጥብ አስፋልት የሚሆነው አረንጓዴው 30 ሊትር ገደማ ነው። ያ ሁሉ ውሃ የት ይሄዳል? ወደ ላይ። ፈጣን ቀጥታ ላይ የሚታያችሁ ነጭ ደመና እና ከውስጡ ብልጭ የምትል ቀይ የኋላ መብራት ናት። ማን ማንን እንደቀደመ አታውቁም። ስለዚህ ደረቅ ላይ ምርጥ የሚባሉት ፈጣን ቦታዎች በዝናብ ዋጋቸው ይወርዳል። ቀስ የሚባልበት መታጠፊያ ይሻላል። ላ ሱርስ፣ ወይም ከመነሻው በፊት ያለው ባስ ስቶፕ። እዚያ መኪኖቹ ፍጥነት ይቀንሳሉ፣ ደመናው ይሳሳል፣ ነጂው መሪውን ሲያርም እጁ ሲንቀሳቀስ ይታያል። የኋላ ጎማ ሸርተት ሲል በዓይን ይያዛል። በዝናብ የማሽከርከር ጥበብ የሚታየው እዚህ ነው።

ሁለተኛው እግራችሁ ነው። ዳገት ላይ ያለ ሣር ከረጠበ በኋላ መቀመጫ መሆኑ ይቀራል። ታጣፊ ወንበር ይዛችሁ ብትሄዱ የፊት እግሮቹ ቀስ እያሉ ይሰምጣሉ፤ ሳታስቡት ወደ ትራኩ ዘንበል ብላችሁ ትገኛላችሁ። መቆም ትጀምራላችሁ። ቆማችሁ ሁለት ሰዓት ካለፈ ደግሞ ሽንት ቤት መሄድ ራሱ ጉዞ ነው፤ መውረድ፣ መውጣት፣ ቦታችሁን ሰው ይዞት ማግኘት።

ጣሪያ የሌለው ትሪቡን እንግዲህ በዝናብ ከሁሉ የማይረባው ምርጫ ነው ባይ ነኝ። ውድ ነው፤ ከብሮንዝ ብዙ ይበልጣል። ግን ትበሰብሳላችሁ፣ እንደ ብሮንዙም ተነስታችሁ ዛፍ ሥር መጠለል አትችሉም። የሚሰጣችሁ ከጭቃ መራቅ ብቻ ነው። ለዚያ ብቻ ያን ያህል ገንዘብ? ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ወይ ጣሪያ ግዙ፣ ወይ ብሮንዝ ይዛችሁ የተረፈውን ገንዘብ ማደሪያ ላይ አውሉት።

ጣሪያ ስትገዙ ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ «ጣሪያ ያለው» መባሉ ሁሉም ረድፍ ይሸፈናል ማለት አይደለም። የፊት ረድፎቹ ላይ ነፋስ ያለው ዝናብ በቀጥታ ይገባል። ከመሃል ወደ ኋላ ያለውን ረድፍ ምረጡ፤ ከኋላ ደግሞ ከፍ ስለሚል ዕይታውም ይሻላል። ሁለተኛ፣ ከመቀመጫው ፊት ለፊት ትልቅ ስክሪን አለ ወይ? በዝናብ ውድድሩን የምትከታተሉት ግማሹን በስክሪን ነው። ስክሪኑ ሩቅ ከሆነ ትንሽ የርቀት መነጽር ይዛችሁ ሂዱ። ሌንሱን የምትጠርጉበት ደረቅ ጨርቅ ግን የውስጥ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፣ ቦርሳ ውስጥ ያለው ይረጥባል።

ድንኳን፣ ሆቴል፣ ወይስ ደርሶ መልስ?

ካምፒንግ የስፓ ግማሽ ደስታው ነው ይላሉ። ሙዚቃው፣ ባርቤኪዩው፣ ብርቱካናማ የለበሱት ሆላንዶች ጭፈራ። እውነት ነው። በዝናብ ግን ድንኳን አንድ ከባድ ችግር አለበት፤ የሚደርቅ ነገር የለም። ዓርብ የረጠበ ጫማ ቅዳሜም እርጥብ ነው፣ እሁድም። ሌሊቱ ደግሞ ሐምሌ ሆኖ እንኳ ወደ 10 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። እርጥብ ልብስና 10 ዲግሪ አብረው መጥፎ ናቸው።

ድንኳን ከመረጣችሁ ቦታ ስትይዙ ከፍ ያለውን ያዙ። ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ለጥ ያለ ሜዳ ሲያዩት ያማልላል፤ ሌሊት ግን የዳገቱ ውሃ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ከድንኳኑ ሥር የምታነጥፉት ላስቲክ ከድንኳኑ ወለል ጠበብ ያለ ይሁን፣ ተርፎ ከወጣ ከላይ የሚወርደውን ውሃ ይዞ ሥራችሁ ያስገባዋል። አንድ ሙሉ የደረቅ ልብስ ደግሞ በላስቲክ ጠቅልላችሁ መኪና ውስጥ ተዉት። እስከ ሰኞ አትንኩት።

ሆቴል ከሆነ ትራኩ አጠገብ ያሉት ከተሞች፣ ስፓ፣ ማልመዲ፣ ስታቭሎ፣ ቶሎ ያልቃሉ፣ ዋጋቸውም ይሰቀላል። ሊዬዥ፣ ቨርቪዬ ወይም ድንበሩን ተሻግሮ ጀርመን ውስጥ አኸን ብታድሩ ይሻላል። ርቀቱ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ። ሆቴል ስትመርጡ ስለ ቁርሱ አትጨነቁ፤ ክፍሉ ማሞቂያ አለው ወይ? ፎጣ ማድረቂያ ብረት አለው ወይ? ጫማችሁን በጋዜጣ ሞልታችሁ ማሞቂያው አጠገብ ብታሳድሩት ጠዋት ሌላ ሰው ትሆናላችሁ።

ከብራስልስ ደርሶ መልስስ? ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ ከሁሉ የምመክረው ይህንን ነው። ቤት ገብቶ በሙቅ ውሃ መታጠብን የሚያህል የለም። ሦስቱንም ቀን ለመመላለስ ግን አትሞክሩ። ለሦስት ቀን ሆቴል፣ ለአንድ ቀን ቤት። ድንኳን ደግሞ ትንበያው ለሦስቱም ቀን ደረቅ ከሆነ ብቻ፣ ወይም ዕድሜያችሁ ከ25 በታች ከሆነ።

መኪና ወይስ ባቡር?

በደረቅ ቀን መኪና ያሸንፋል። ቦርሳችሁ ውስጡ፣ ምግባችሁ ውስጡ። በዝናብ ግን ስፓም ሲልቨርስቶንም መኪና ማቆሚያቸው በብዛት ሣር ሜዳ ነው። ጠዋት ስትገቡ መሬቱ ጠንካራ ነው። ማታ ስትወጡ ሺህ መኪና ያላመጠው ሊጥ ነው። የኋላ ጎማ የሚገፋው መኪና ከሁሉ በፊት ይሰምጣል። ትራክተር መጥቶ እስኪጎትት ተራ ትጠብቃላችሁ፤ ያውም ቀኑን ሙሉ ስትጠብቁ ከዋላችሁ በኋላ።

በመኪና ከሄዱ መግቢያው አጠገብ፣ ጠጠር ወይም አስፋልት የተነጠፈበት ዳር፣ አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙራችሁ አቁሙ። ወደ ውስጥ የሚጠቁማችሁን አስተናባሪ በትሕትና ለምኑት፣ አንዳንዴ ይሰማል። ሁለት አሮጌ የመኪና ምንጣፍ ይዛችሁ ከሄዳችሁ የሚሽከረከረው ጎማ ሥር ስታስገቡት ብዙ ጊዜ ያወጣል። ነዳጅ አስጨርሳችሁ አትግቡ፤ መውጫው ላይ ሞተር አብርታችሁ ሁለት ሰዓት ልትቀመጡ ትችላላችሁ።

ባቡሩ ከብራስልስ ወደ ቨርቪዬ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ በውድድሩ ቀናት አውቶቡስ ይመላለሳል። ጣጣው ማታ ነው። ውድድሩ ከዘገየ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ሰልፉ ይረዝማል፣ የመጨረሻው ባቡር ሰዓት ደግሞ ለማንም አይዘገይም። ስለዚህ ባቡር የምትይዙ ከሆነ የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ስልክ በዚያ ሕዝብ መሃል ኔትወርክ ላያገኝ ይችላል። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ ለአውቶቡስ ሰልፍ፣ ለመንገዱ፣ ከመቀመጫ እስከ በሩ ለመራመጃ። የወጣው ሰዓት ከውድድሩ ማብቂያ ጋር የሚጋጭ ከሆነ አንድ ሌሊት ሊዬዥ እደሩ።

በዝናብ የእኔ ሚዛን ወደ ባቡር ያደላል። ሕፃን ካለ ግን መኪና፤ ልጅ ልብስ የሚቀይርበት፣ የሚተኛበት ደረቅ ቦታ ያስፈልገዋል።

ምን ይለበስ?

ጃንጥላን ቶሎ እንተወው። በሰልፍ ላይ ይጠቅማል፣ መቀመጫ ላይ ግን የኋለኛው ሰው ላይ ግድግዳ መገንባት ነው። ዘርግታችሁ ብትቀመጡ በአምስት ቋንቋ ትሰደባላችሁ።

ክርክሩ ፖንቾ ወይስ የዝናብ ጃኬት የሚለው ነው። ጃኬት ነፋስ ይከላከላል፣ ኪስ አለው። ቁጭ ስትሉ ግን ውሃው በሆዳችሁ ወርዶ ጭናችሁ ላይ ይጠራቀማል። ስልካችሁን ከፍ አድርጋችሁ ቪዲዮ ስትቀርጹ ደግሞ በእጅጌው ተንሸራትቶ እስከ ብብት ይገባል። ፖንቾ ጭንንም ቦርሳንም አንድ ላይ ይሸፍናል፤ ነፋስ ሲመጣ ግን ፊታችሁ ላይ ይገለበጣል። ስፓ ጫካ ውስጥ ስለሆነ ፖንቾ ይበቃል። ሲልቨርስቶን ጃኬት ነው። ገንዘብ ካላችሁ ሁለቱንም፣ ጃኬቱ ከሥር። በር ላይ የሚሸጠው ስስ ላስቲክ ፖንቾ ለመልበስ ሳይሆን ወንበር ላይ ለማንጠፍ ጥሩ ነው።

ከሥር የሚለበሰው ጥጥ አይሁን። ጂንስ ከረጠበ አይደርቅም። ጋቢም ያው ነው። አውቃለሁ፣ ለብርድ ከጋቢ የሚበልጥ የለም፤ ግን ጥጥ ነው፣ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ይገድላችኋል። ጋቢውን ለመኪና ወይም ለሆቴል አቆዩት። ሱፍ ወይም ፍሊስ ልበሱ።

ጫማ ላይ የፕላስቲክ ቦቲ ለብሮንዝ፣ ውሃ የማያስገባ የእግር ጉዞ ጫማ ለትሪቡን። ቦቲ ለረጅም መንገድ ተረከዝ ይልጣል፣ ስፓ ላይ ደግሞ ከበር እስከ ቦታችሁ ዳገት ቁልቁለቱ ቀላል አይደለም። ቦቲ ከለበሳችሁ ሁለት ካልሲ ደርቡ። ከእኩለ ቀን በኋላ የምትቀይሩት ደረቅ ካልሲ በፌስታል ቋጥራችሁ ያዙ። ካልሲ መቀየር ቀላል ነገር ይመስላል። ውድድሩ ሲዘገይ የሚያስፈግጋችሁ እሱ ነው።

ምግብ ላይ የእኛ ሰው አንድ ብልጫ አለው። ቆሎና ዳቦ ቆሎ አይፈርስም፣ አይቀዘቅዝም፣ በአንድ እጅ ይበላል። ሳንድዊች በዝናብ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል። ዝንጅብል ያለው ሻይ በብረት ቴርሞስ ያዙ፤ የጠርሙስ ብርጭቆ ብዙ ጊዜ በር ላይ ይያዛል።

የቱ ቀን?

አንድ ቀን ብቻ የምትሄዱ ከሆነና ሦስቱም ቀን ዝናብ ከተባለ፣ ዓርብን ተዉት። ርካሽ ነው፣ ግን በብዛት ልምምድ ነው። አስፋልቱ ሲረጥብ ቡድኖቹ መኪና ላለመስበርና ጎማ ለመቆጠብ ብዙውን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ይቀመጣሉ። በ2020 ጀርመን ውስጥ ኑርቡርግሪንግ ትራክ ላይ ጭጋግ የሕክምና ሄሊኮፕተሩን ስላገደው የዓርቡ ልምምድ በሙሉ ቀረ። ቅዳሜ ግን በዝናብ ከሁሉ የሚሻል ቀን ሊሆን ይችላል። የማጣሪያው (የእሁዱ መነሻ ተራ የሚለይበት) ሰዓት አጭር ነው፣ ነጂዎቹ ብዙውን ጊዜ ተራርቀው ይሮጣሉ፣ ደመናው አነስተኛ ስለሆነ ይታያል። ዋጋውም ከእሁድ ያነሰ ነው። እሁድ ለውድድሩ፣ ቅዳሜ ለዕይታው።

ቀይ ባንዲራ ወጣ። እንቆይ ወይስ እንሂድ?

ለዚህ ደንቡን ማወቅ ይረዳል። ውድድሩ ራሱ ከ2 ሰዓት በላይ አይነዳም፤ ማቋረጡን ጨምሮ ደግሞ በጠቅላላው 3 ሰዓት ነው ጣሪያው። ይህ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ውድድሩ ከተነሳ በኋላ ነው። ስለዚህ ጨርሶ ካልተነሳ፣ መነሻው ብቻ ከተገፋ፣ ቀኑ ገና ረጅም ሊሆን ይችላል። ከተነሳ በኋላ ከቆመ ግን ሰዓታችሁን ተመልከቱ። ከመነሻው 3 ሰዓት ሲሞላ ያበቃለታል።

ከ2021 በኋላ ነጥብ አሰጣጡም ተለውጧል። ያለ ሴፍቲ ካር ቢያንስ ሁለት ዙር ካልተነዳ ነጥብ የለም። ስለዚህ ለስሙ ያህል ዞረው የሚገቡበት ምክንያት ቀንሷል። ሲወጡ ለመወዳደር ነው የሚወጡት።

ሰማዩን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ዝናቡ አባርቶም ሊቆሙ ይችላሉ፤ የሚያስፈራቸው አስፋልቱ ላይ የተኛው ውሃና ከኋላ ያለው ነጂ የማያይበት ደመና ነው። ሄሊኮፕተሩ መነሳት ካልቻለም እንደዚያው። የምትመለከቱት ውሃ የሚጠርጉት መኪኖችና የሕክምና መኪናው ናቸው። ወጥተው መዞር ከጀመሩ ተስፋ አለ። የቡድን ሠራተኞች መኪኖቹ ላይ ላስቲክ ደራርበው ከገቡ ሻይ ቅዱ።

የሞንትሪያሉ የ2011 ውድድር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከ2 ሰዓት በላይ ቆመ። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሄደ። የቀረው ሰው ግን፣ በውድድሩ መሃል መጨረሻ ላይ ወድቆ የነበረው ጄንሰን በተን በመጨረሻው ዙር ሴባስቲያን ፌትልን ሲያልፍ አየ። 4 ሰዓት ከ4 ደቂቃ፤ በታሪክ ረጅሙ ውድድር ሆኖ ቀረ። ጠቅላላ ሰዓቱ እንዲገደብ ያደረገውም እሱ ነው።

ስለዚህ፦ ጣሪያ ሥር ከሆናችሁና ማደሪያችሁ ቅርብ ከሆነ ቆዩ። ብሮንዝ ላይ ሆናችሁ፣ ልጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ወይም የመጨረሻው ባቡር ከቀረበ ሂዱ፤ የቀረውን በስልክ ታዩታላችሁ። ልጅ ከንፈሩ ሲጠቁር ደግሞ ምንም ምርጫ የለም፣ ወዲያው ወደ ሙቀት።

ገንዘቡስ?

ቲኬት ከወራት በፊት ይገዛል፤ ትንበያው ግን እምነት የሚጣልበት ከውድድሩ ሦስት አራት ቀን በፊት ነው። ስለዚህ መቀመጫውን በጭፍን ነው የምትገዙት። ስፓ ላይ በጭፍን ሲገዛ «ይዘንባል» ብሎ መግዛት ነው የሚያዋጣው።

ገንዘብ መመለስን በተመለከተ፣ «ተሰረዘ» እና «ተበላሸ» የተለያዩ ናቸው። በ2023 የጣሊያኑ ኢሞላ ውድድር በጎርፍ ምክንያት ገና ሕዝብ ሳይገባ ተሰረዘ። የ2021ዱ ስፓ ግን በወረቀት ተካሂዷል፤ አሸናፊ አለው፣ ነጥብ ተሰጥቶበታል። የቲኬቱን ውል ስታነቡ የምትፈልጉት ይህንን ነው፦ ቀኑ ተሰርዞ ከቀረ ምን ይባላል፣ ተጀምሮ ከተቋረጠስ? ብዙውን ጊዜ የሁለተኛው መልስ አይመችም። ከሌላ ሰው ላይ የገዛችሁት ቲኬት ከሆነ ደግሞ ቢመለስም ገንዘቡ ለመጀመሪያው ገዢ ነው የሚሄደው።

የምትቆጣጠሩት ነገር ሆቴሉ ነው። እስከ ሁለትና ሦስት ቀን ድረስ በነጻ መሰረዝ የሚቻለውን ምረጡ፣ ትንሽ ቢወደድም። ድንኳን ለመትከል ያሰባችሁም ብትሆኑ እንዲህ ያለ ክፍል ያዙ። ረቡዕ ማታ ትንበያውን ተመልከቱና አንዱን ሰርዙ።